ከ12 ጨዋታ አንድ ድል፤ ዓለማያን ያቋቋመው ኮሌጅ ምን ገጠመው?

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ስቲልዋተር በተባለችው የስንዴና የከብት አገር ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን፣ ከነሐሴ 22 ቀን 2017 እስከ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ባደረጋቸው 12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። እርሱም የመክፈቻው ጨዋታ ነበር። ከዚያ ወዲያ 11 ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ቡድኑን ለ20 ዓመታት የመሩት አሠልጣኝ ማይክ ጋንዲም ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ፣ መስከረም 13 ቀን ተሰናበቱ።

የባሕር ማዶ ኮሌጅ ቡድን ቢሸነፍ ለቡሬ ገበሬ ወይም ለወልዲያ ነጋዴ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ተቋም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቀድሞ ስሙ ኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት መከሩ። ብዙም ሳይቆዩ አባቶቻችን ‹‹ፖይንት ፎር›› እያሉ የሚጠሩትን የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ መርሐ ግብር እንዲመሩ ተሾሙ። ያሰቡትን ፍጻሜ ግን አላዩም፤ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ኮሌጁ በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም የዚያ ውል ፍሬዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሰኔ 1946 ዓ.ም. ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎብኝተዋል። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1960 ዓ.ም. በዓለማያ አስተምረዋል።

የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ሥር የበቀለ ነው። እኔ በግብርና ኮሌጅ ስማር ካስተማሩኝ መካከል ብዙዎቹ የሐረማያ ምሩቃን ነበሩ፤ እነርሱን ካስተማሯቸው አንጋፋዎች ውስጥ ደግሞ በስቲልዋተር የተማሩ ነበሩበት። አንድ የእርሻ ኮሌጅ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት እስከ ገበሬው ማሳ ማድረስ አለበት የሚለው ሐሳብ ከአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች የተቀዳ ነው። እነዚያ ኮሌጆች እ.አ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ፣ መንግሥት በሰጣቸው መሬት ሽያጭ የተቋቋሙ ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቀበሌያችን የቆመው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ሁሉ ውርስ እኛ ዘንድ ያልተሻገረው ፉትቦሉ ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ይለያል። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ በእጅ ተይዛ ይሮጡባታል፣ ይወረውሯታል። በየጎኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ያደረሰ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከመሎጊያዎቹ መካከል በእግር መትቶ ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ከፍተኛ ቁጥሮች የጽሕፈት ስሕተት አይደሉም። ኦክላሆማ በዚህ ስፖርት የባለሙያ ክለብ የሌለባት ግዛት ናት። የገጠሩም የከተማውም ሕዝብ ክለብ የኮሌጁ ቡድን ነው። የስቲልዋተር ነዋሪ 50 ሺህ ገደማ ሲሆን ስታዲየሙ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። በጨዋታ ቀን ከየእርሻው በፒክአፕ መኪና የሚመጣው ቤተሰብ ከተማዋን እጥፍ ያደርጋታል። የቡድኑ ቅጽል ስም ‹‹ካውቦይስ›› ነው፤ ከብት ነጂዎች ማለት ነው።

ጋንዲ የዚያው ምድር ልጅ ናቸው። በኦክላሆማ ተወልደው፣ በ1980ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ለዚሁ ቡድን ተጫውተው፣ እ.አ.አ. በ2005 ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። ከ2006 እስከ 2023 ለ18 ተከታታይ ዓመታት ቡድኑ ለመልካም ውጤት ማሳረጊያነት ለሚሰጡት የክብር ጨዋታዎች ሳይበቃ የቀረበት ጊዜ አልነበረም። በ2011 ከ13 ጨዋታ 12 አሸንፎ ለአገሪቱ ዋንጫ ጫፍ ደርሶ ነበር። አካሄዳቸውም የሚታወቅ ነበር። ትልልቆቹ ኮሌጆች ዞር ብለው ያላዩትን የገጠር ልጅ ይመለምላሉ፤ አንድና ሁለት ዓመት ያሠለጥኑታል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ያጭዱታል። በአጭሩ፣ ከራሱ ጎተራ ዘር እየመረጠ የሚያስቀምጥ ገበሬ አሠራር ነው።

ይህ አሠራር ሦስት ነገሮች በአምስት ዓመት ውስጥ ተደራርበው ሲመጡበት መሠረቱ ተናጋ። አንደኛው ዝውውር ነው። ቀድሞ ኮሌጅ የሚቀይር ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት፤ ከ2021 ወዲህ ግን ሄዶ ወዲያው መሰለፍ ይችላል። በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ሦስተኛው ደግሞ የመጣው ጋንዲ ከመሰናበታቸው ጥቂት ወራት በፊት ነው። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ኮሌጆች በቀጥታ ከካዝናቸው ለተጫዋቾች መክፈል ጀመሩ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 20 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ስምምነት ለቀደሙ ተጫዋቾች 2 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ በ10 ዓመት እንዲከፈል ተወስኗል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ተጫዋቾቹ መከፈላቸው በደል አይደለም። ስታዲየም በእነርሱ ላብ እየሞላ፣ ቴሌቪዥን በእነርሱ ስም እየተሸጠ፣ አሠልጣኙ ሚሊዮኖች እየተከፈለው፣ ልጁ ግን በነጻ ትምህርትና በመኝታ ብቻ ይርካ መባሉ ነበር በደሉ። ችግሩ ክፍያውና ዝውውሩ በአንድነት ሲገጥሙ ማሳውን ያለማው ሌላ፣ አዝመራውን የሚያስገባው ሌላ መሆኑ ነው።

ገበሬ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የስንዴ ዘር ከራስ ምርት ለይቶ ለተከታታይ ዓመታት መዝራት ይቻላል። እንደ ቢኤች 660 ያለ ዲቃላ በቆሎ ግን ምርቱ ቢያስደስትም ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት፤ ከጎተራ አውጥተህ ብትዘራው ያው አይሆንም። ዲቃላ የዘራ ገበሬ በየሚያዝያው ገንዘብ ይዞ መገኘት ግድ ይለዋል። ገንዘቡ በዘገየበት ዓመት፣ የትናንቱ ጥሩ ምርት አያድነውም። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል በአምስት ዓመት ውስጥ ከስንዴ ወደ ዲቃላ በቆሎ ተሸጋገረ። ኦክላሆማ ስቴት ይህን ዘግይቶ ተረዳ። የተረዳውም ክፉኛ ከተመታ በኋላ ነው።

ምቱ የጀመረው ባለፈው ዓመት አልነበረም። በ2023 ቡድኑ 10 ጨዋታ አሸንፎ፣ ጎረቤቱንና የዘመናት ተቀናቃኙን የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን 27 ለ 24 ረትቶ ነበር። ያ ጨዋታ የመሰነባበቻ ሆነ። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ወደ ሌላ፣ የቴሌቪዥን ገቢው ወደሚበልጥ ሊግ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲደረግ የቆየው ግጥሚያም ተቋረጠ። በዚያው በ2024 ካውቦይስ ሦስት ጨዋታ አሸንፈው ጀመሩ፤ ከዚያ ዘጠኙን በተከታታይ ተሸነፉ። የመጨረሻው 52 ለ 0 ነበር። በ‹‹ቢግ 12›› ሊግ ካደረጓቸው ዘጠኝ ጨዋታዎች አንድም አላሸነፉም። ያለፈውን ዓመት ዘጠኝ ሽንፈት ስንጨምርበት በሊጉ 18 ተከታታይ ሽንፈት ይሆናል።

ጋንዲ በ2024 ማብቂያ የደመወዝ ቅነሳ ተቀብለው፣ ረዳቶቻቸውን ቀይረው፣ ለአዲሱ ዘመን ከ60 በላይ አዳዲስ ተጫዋቾችን አስመጡ። ዕድሜ ልክ ዘራቸውን ከጎተራ ሲያወጡ የኖሩት ሰው በአንድ ጊዜ ማሳውን ሁሉ በተገዛ ዘር ሸፈኑት ማለት ነው። ነሐሴ 22 ቀን ዩቲ ማርቲን የተባለውን አነስተኛ ተጋጣሚ 27 ለ 7 አሸነፉ፤ በዚያው ጨዋታ ግን የመጀመሪያ ተሰላፊ ኳስ ወርዋሪያቸው እግሩን ተሰብሮ ወጣ። እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ በኦሪገን ሜዳ 69 ለ 3 ተረቱ።

ከዚያ ጨዋታ ቀደም ብሎ ጋንዲ፣ ኦሪገን ባለፈው ዓመት ብቻ ለተጫዋቾች ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የተጠጋ ገንዘብ እንዳወጣ እንደሚያምኑ ተናግረው ነበር። ቁጥሩ የአሠልጣኙ ግምት እንጂ በሰነድ የቀረበ አይደለም። ኦሪገን ግን የናይኪ መሥራች ፊል ናይት የተማሩበትና በልግስናቸው የቆመ ቡድን መሆኑ የታወቀ ነው። የስቲልዋተርም ሰዎች ቢሆኑ የባለጸጋን እጅ የማያውቁ አይደሉም። ስታዲየሙ በስማቸው የሚጠራው ነዳጅ ነጋዴው ቲ. ቡን ፒከንስ በ2006 ለኮሌጁ ስፖርት 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። ፒከንስ በ2019 አረፉ። የእርሳቸው ገንዘብ ግን በዋናነት የዋለው ለግንብ ነው። ያኔ ግንብ ነበር ተጫዋች የሚስበው፤ ዛሬ ግንቡ ቆሟል፣ ተጫዋቹ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጎተራ ያለው፣ ዘር መግዣ የሌለው ገበሬ ሆኑ።

የገንዘብ ሰበብ ግን እስከ መስከረም 9 ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚያስኬደው። በዚያ ምሽት ቱልሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ግዛት ያለ፣ ተማሪውም ሀብቱም እጅግ ያነሰ ተቋም፣ ስቲልዋተር ድረስ መጥቶ 19 ለ 12 አሸነፈ። ቱልሳ በዚያ ሜዳ ሲያሸንፍ ከ1951 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሽንፈት በኦሪገን ሚሊዮኖች ማስረዳት አይቻልም። ከአራት ቀን በኋላ ጋንዲ ተሰናበቱ፤ ውላቸውን ለማፍረስ የሚጠበቀው ክፍያ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል። ያን ያህል ገንዘብ ለአንድ ለተሰናበተ ሰው መገኘቱ፣ ለተጫዋች ግን ጠፋ መባሉ የሚገርም ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ምክንያት ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ኦክላሆማ ስቴት የወደቀው ድሀ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም አሠራር በግማሽ ስለያዘ ነው። የራሱን ዘር ማቆየት አልቻለም፤ ያሠለጠናቸው ልጆች ሌላ ቦታ የተሻለ ክፍያ ሲያገኙ ሄዱ። የተገዛውን ዘር ደግሞ አፈሩን ሳያለምድ በአንድ ወቅት ሁሉንም ዘራው። ከ60 በላይ እንግዶች በአንድ ክረምት እርስ በርስ ስም ለመለማመድ እንኳን ጊዜ አይበቃቸውም።

ለዚህ አስተያየት ማመሳከሪያ የሚሆኑ ሦስት ቡድኖች አሉ። ጥቅምት 15 ቀን ካውቦይስን 42 ለ 0 የረታው ቴክሳስ ቴክ እንደ እነርሱው ከሜዳማ የእርሻ አገር፣ ከጥጥ ምድር የሚመጣ ቡድን ነው። በዘመኑ ማሳረጊያ ግን የሊጉን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ። ልዩነቱ የነዳጅ ሀብት ያላቸው የቀድሞ ተማሪዎቹ ለተጫዋቾች ክፍያ ቀድመው መሰለፋቸው ነው። ይህ የገንዘብን ኃይል ያሳያል።

ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በትልልቆቹ ቡድኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ በመሸነፍ ስሙ የሚነሣ ቡድን ነበር። ከርት ሲግኔቲ የተባሉት አሠልጣኝ ሲመጡ፣ ቀድሞ ያሠለጥኑበት ከነበረው ትንሽ ኮሌጅ የሚያውቋቸውን ተጫዋቾች ይዘው መጡ። በሁለተኛው ዓመት 16 ጨዋታ አድርጎ 16ቱንም አሸነፈ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፣ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የተገዛ ዘርም ገበሬው ጠባዩን ካወቀው ያፈራል ማለት ነው።

ሦስተኛው አዮዋ ስቴት ነው፤ እርሱም ከእርሻ ኮሌጆቹ አንዱ ነው። በትዕግሥት እየኮተኮተ በ2024 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ 11 ጨዋታ አሸነፈ። በአሮጌው መንገድ መድረስ እንደሚቻል ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ቆየ። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን አሠልጣኙ ማት ካምቤል ወደ ሀብታሙ ፔን ስቴት ሄዱ፤ ተጫዋቾችም ተከተሏቸው። አሁን ገበያው ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ገበሬውንም ከነማረሻው ይወስዳል።

የሽንፈቱ ዕዳ በሜዳው አያበቃም። በአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል ገቢ ሌሎቹን ስፖርቶች ይመግባል። ኦክላሆማ ስቴት በነጻ ትግል 34 የአገር ዋንጫ ያነሣ፣ በዘርፉ ወደር የሌለው ተቋም ነው። ትግሉ ግን እንደ ፉትቦል ስታዲየም አይሞላም፤ ከፉትቦሉ ገቢ ለተጫዋች የሚከፈለው ባደገ ቁጥር የታጋዩና የሯጩ ድርሻ ይሳሳል። በከተማዋም የሆቴሉ አልጋ፣ የምግብ ቤቱ ወንበር፣ የነዳጅ ማደያው ሰልፍ የሚወሰነው በዓመት በሚደረጉ ስድስት ሰባት የሜዳ ጨዋታዎች ነው። ጥቅምት ላይ ተስፋ የቆረጠ ደጋፊ ኅዳር ላይ ቤቱ ይቀራል። በአገራችን በከተማ አስተዳደር በጀት የሚንቀሳቀስ ክለብ ያለው ነዋሪ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከሌላ ከተማ በየዓመቱ የሚገዛ ተጫዋች፣ በየዓመቱ የሚሰናበት አሠልጣኝ፣ የሰፈር ልጅ የማይታይበት ቡድን እኛም ዘንድ አለ።

የእኔ ሥጋት ግን ከዚህም ያለፈ ነው። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ወደ መሆን እየሄዱ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ገቢውን ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። ስቲልዋተር እንዳሳየችው ደግሞ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ገቢ ባገኘበት ነገር ስሙ ይታወቅበታል፤ ስሙ በታወቀበት ነገርም ሳይወድ ይገዛል። ዛሬም በዚያ ግቢ የስንዴ ዝርያ ይወጣል፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያም በየወረዳው ይሠራል። ባለፈው ዓመት ስለ ኦክላሆማ ስቴት በአሜሪካ ጋዜጦች የተነበበው ግን 69 ለ 3 ነው። በዚህ ልክ ስለ ስንዴው የተጻፈ አላየሁም።

ኮሌጁ በኅዳር ወር አዲስ አሠልጣኝ መርጧል። ኤሪክ ሞሪስ ይባላሉ፤ የመጡት ከኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያ አነስተኛ ቡድን በመደበኛው ውድድር ከ12 ጨዋታ 11 አሸንፎ ነበር። የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ ድሩ መስተሜከር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በዚህ ቦታ የመጀመሪያ ተሰላፊ እንኳን ያልነበረ፣ ኖርዝ ቴክሳስ ያለ ነጻ የትምህርት ዕድል ተቀብሎ ያሳደገው ልጅ ነው። ባለፈው ዘመን በወርወራ ርቀት የአገሪቱ ቀዳሚ ሆነ። ጥር ላይ እርሱም አሠልጣኙን ተከትሎ ወደ ስቲልዋተር ተሻገረ፤ ሌሎች የቡድን ጓደኞቹም እንዲሁ።

በኦሪገን ገንዘብ ያማረረው ቡድን ከእርሱ በታች ባለው ላይ ያንኑ አደረገ። ለስቲልዋተር ደጋፊ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ችግኙ ከነአፈሩ ተነቅሎ መጥቷልና የመድረቅ ዕድሉ ካለፈው ዓመት ያነሰ ነው። የኢንዲያናም መንገድ ይኸው ነበር። የኖርዝ ቴክሳስ ደጋፊ በበኩሉ በዚህ ክረምት ከባዶ ማሳ ይጀምራል።

ኦሪገን በመጪው የውድድር ዘመን በተራው ወደ ስቲልዋተር ይመጣል። በሜዳው የሚጠብቀው ቡድን ጳጉሜን 1 ቀን ከረታው ቡድን ጋር የሚጋራው የመለያውን ብርቱካናማ ቀለምና ጥቂት ስሞችን ብቻ ነው።